ስንዴ የማይስማማው ደም

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተወደድሽ ልጄ ለቦንቱ፣

ከሰላምታ ሁሉ የሚበልጠው የጌታ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። ጎተንበርግ በዚህ ወር ፀሐይ የሚባል ነገር አታይም ብለሽኝ ነበር፤ አጥንትሽን እሱ ያሙቅልሽ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። አክስትሽ ዓባይነሽ ካረፈች ባለፈው ሳምንት ሦስት ዓመት ሞላት፤ ከወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያናችን መጥተው አብረውኝ ጸልየው ሄዱ።

ጆሮዬ የስልክ ድምፅ መለየት እንደተወ ታውቂያለሽ። ስለዚህ እንደ ድሮው በእጄ እየጻፍሁ ወደ ጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ እወስደዋለሁ፤ ባለሱቋ በስልኳ አንስታ ትልክልሻለች። ያንቺንም በትልልቅ ፊደል አትማ ትሰጠኛለች። በአጭሩ አትለፊኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ወንድምሽ ሮብሳን ከኑኑ ቁምባ ሚስቱን መታሰቢያንና ልጃቸውን ሆሳዕናን ወደ እኔ ልኳቸዋል፤ እዚህ ሕክምና ይሻላል ብሎ ነው። ሕፃኗ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኗታል፤ ብታያት ግን ሁለት ዓመት አትሞላም ትያለሽ። እግሯና ክንዷ ቀጭን፣ ሆዷ ብቻ እንደ ከበሮ። ሦስት ጊዜ የትል መድኃኒት ተሰጣት፣ ለውጥ የለም። ያለምክንያት ታለቅሳለች፣ ከሰው አትገጥምም።

እኔ ግን ተስፋ አልቆረጥሁም። የምግብ ነገር ነው ብዬ ኃላፊነቱን ወስጃለሁ። ጠዋት ከዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ አመጣላታለሁ፣ ቀን ማካሮኒ፣ ማታ የስንዴ አጥሚት በወተት። አንቺንና ሮብሳንን እናታችሁ ስታርፍ እኔና አክስትሽ ተቀብለን ያሳደግናችሁ በዚሁ ነው። ጎረቤት የበቆሎ ቂጣ ሲበላ እናንተ የስንዴ ዳቦ አጥታችሁ አታውቁም። አንቺም በልጅነትሽ ሆድሽን ትይ ነበር፤ ይኸው አደግሽ፣ አገር አቋረጥሽ።

የሚቻልሽ ከሆነ ለወተቷ ትንሽ አግዢኝ፤ ደግሞ ለልጆች የሚሆን ቫይታሚን ካገኘሽ በሰው እጅ ላኪልኝ።

አሳዳጊሽ፣
ጫንያለው


ጎተንበርግ
ኅዳር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክቡር ጋሼ ጫንያለው፣

አከም ጂርቱ ጋሼ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ለጠዋት ጸሎት የሚያነሳዎት አምላክ ጉልበትዎን ያጽናልዎ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ትንሽ ደም አንሶሻል ተብዬ ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሥራ ለጥቂት ሳምንታት አርፌያለሁ እንጂ ሌላ የለም። አያስቡ።

ለወተቱ በሮብሳን በኩል ልኬያለሁ። ቫይታሚኑን ግን ገና አልገዛሁም። ከዚያ በፊት የምጠይቅዎት አለ፤ አይቀየሙኝ። ሆሳዕና በቀን ስንት ጊዜ ትቀመጣለች? ከእሷ የሚወጣው ነገር መልኩ፣ ሽታው እንዴት ነው? ዳቦ ከበላች በኋላ ነው የሚብስባት ወይስ ሁልጊዜ ነው? ጤፍ ብቻ የበላች ቀንስ? አፏ ውስጥ ቁስል ይወጣል?

ለምን እንደምጠይቅ አሁን አይጠይቁኝ። እባክዎ ብቻ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ቦንቱ


ነቀምቴ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለቦንቱ፣

ዘመንሽ ይለምልም። መልሴ የዘገየው እውነቱን ልንገርሽና ተቀይሜ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማረን ሽማግሌ ስለ ሕፃን ሰገራ ሽታ ሪፖርት አድርግ ማለት! ደብዳቤሽን ያተመችልኝ የባለሱቋ ልጅ ፈገግ ስትል አይቻታለሁ። በኋላ ግን ቦንቱ ያለ ነገር አትጠይቅም ብዬ እንደ ተማሪ መቆጣጠሪያ መስመር አስምሬ አንድ ሳምንት ሙሉ መዘገብሁ።

በቀን ከአምስት ጊዜ በላይ ትቀመጣለች። የሚወጣው የነጣ፣ ቅባት ያለው፣ ሽታው ቤት የሚያስለቅቅ ነው። አፏ ውስጥ ነጫጭ ቁስል ወጥቶ ይጠፋል። ማክሰኞ ዳቦ ቤቱ ዱቄት ጨርሶ ስለነበር የጤፍ ፍርፍር በላች፤ ረቡዕም እንዲሁ። በእነዚያ ሁለት ቀናት ልቅሶዋ ቀነሰ። ይህን እንደ አጋጣሚ ነው የቆጠርሁት። ሐሙስ ዳቦው ተገኘ፤ ዓርብ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ጃርዲያ ነው ብለው መድኃኒት ሰጡ። አልተሻላትም።

ዳቦ እምቢ ማለት ጀምራለች። በተረት እያታለልሁ፣ በጉርሻ እየለመንሁ አበላታለሁ። ጎረቤት ዓይን ነው ይላል፤ እኔ አልቀበልም። መታሰቢያ ቀን ቀን ትስቃለች፣ ጓዳ ገብታ ግን ስታለቅስ አግኝቻታለሁ።

ገንዘብ አልጠይቅሽም። የምታውቂውን ንገሪኝ።

ጫንያለው


ጎተንበርግ
ታኅሣሥ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክቡር ጋሼ፣

ሰላምዎ ይብዛ፤ ይህን የሚያነቡበት ቀን የሰከነ ቀን ይሁንልዎ። ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ደህና ነኝ ያልሁዎት እውነት አልነበረም። መስከረም ላይ ወጥ ቤት ውስጥ የልጆቹን ምሳ ስደረድር ተዝለፍልፌ ወደቅሁ። እዚህ ትምህርት ቤት ሦስት ልጆች ምግባቸው ለብቻ ይሠራል፤ ስንዴ በአጠገባቸው አያልፍም። የእነሱን ትሪ ሁለት ዓመት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ለእነሱ ድስቱን ለይቼ አጥቤ፣ ጨርቁን ለይቼ፣ ከዚያ እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ የተረፈውን ዳቦ እበላ ነበር። ሐኪሞቹ ደሜን መርምረው፣ በቱቦ አንጀቴን አይተው ሲነግሩኝ ሳቅሁ። በሽታዬ የእነዚያ ልጆች በሽታ ነው። ሲሊያክ ይባላል።

ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚሉት ነገር አለ። ብዙ ሰው በልቶት ምንም አይሆንም። የእኔ ሰውነት ግን እንደ ጠላት ያየዋል፤ እሱን ሲዋጋ የገዛ አንጀቱን ያቆስላል። ምግብ የሚመጥጠው የአንጀት ግድግዳ እንደ ተላጨ ምንጣፍ ልሙጥ ይሆናል። ያኔ ሰው የቱንም ያህል ቢበላ ምግቡ እንዲሁ ያልፋል። ጋሼ፣ ይህ ነገር በዘር ይሄዳል። ሆሳዕና የወንድሜ ልጅ ናት። የጻፉልኝን ሁሉ ሐኪሜ ፊት ተርጉሜ አንብቤዋለሁ፤ ሳትጨርሺ ገብቶኛል አለችኝ።

ሌላም አለ። ባልጽፈው ይሻል ነበር፤ ግን ካልጻፍሁት የቀረውን የሚያምኑኝ አይመስለኝም። ጉቴ ከተማ እያለን፣ አራተኛ ክፍል፣ የሒሳብ ፈተና ዕለት ሆዴን አመመኝ አልሁ። የክፍሉ አስተማሪ እርስዎ ነበሩ። ፈተና ሲመጣ ሆዷን የሚያማት ተማሪ ብለው ክፍሉ ፊት በአርጩሜ ገረፉኝ። ልጆቹ ሳቁ። ወደ ቤት ስንመለስ አዝነው ሁለት ዳቦ ገዙልኝ፤ እጅዎን ይዤ እየበላሁ ሄድሁ። ውሸታም አልነበርሁም ጋሼ። እርስዎም ክፉ አልነበሩም። ያለዎትን ምርጥ ነገር ነው የሰጡኝ።

አሁን የምለምንዎት ይህን ነው። ሆሳዕናን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷትና የአክስቷ በሽታ ይህ ነው ይበሏቸው። ደሟ እስኪመረመር ዳቦውን አያቋርጡ፤ ከተቋረጠ ምርመራው ይሳሳታል። ለመታሰቢያ ደውዬ ነበር። «ጋሼ ካላሉ እኔ ከቤታቸው ልጅ ይዤ እንዴት እወጣለሁ?» አለችኝ። ስለዚህ ነገሩ በእርስዎ እጅ ነው።

ቦንቱ


ጎተንበርግ
ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላም ለቤትዎ ይሁን። ሃያ አምስት ቀን ሆነ። ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ብዬ ነበር፤ መታሰቢያ ግን ደብዳቤው በታተመበት ቀን ኪስዎ ገብቷል አለችኝ። የጻፍሁት ካሳዘነዎት ይቆጡኝ፣ ይስደቡኝ። ግን ይጻፉልኝ። ሆሳዕና ቆማ መሄድ አቁማለች ሲሉ ሰማሁ።

ቦንቱ


ነቀምቴ
ጥር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለቦንቱ፣

በደለኛ ሰው ሰላምታ ለመስጠት ያፍራል፤ ሆኖም ሰላም ላንቺ ይሁን።

ኔትወርክ አልጠፋም። አልታመምሁም። ደብዳቤሽን አንብቤ አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። መጀመሪያ ተናደድሁ። ስንዴ ወርቅ ነው እየተባለ ላደገ የወሎ ልጅ ስንዴ ቁስል ነው ማለት ስድብ መሰለኝ። ፈረንጅ አገር ገብታ እህላችንን ናቀች አልሁ። ይህን ሁሉ ስል ግን የሸሸሁት ስንዴውን አልነበረም፤ አርጩሜውን ነበር። ያንን ቀን የረሳሽው ይመስለኝ ነበር። እኔ አልረሳሁትም። ለአክስትሽ እንኳ አልነገርኋትም።

እሑድ ዕለት ለቤተ ክርስቲያን ወፍራሙን ኮቴን አነሳሁ። ጥር ከገባ አልለበስሁትም፤ ከበሩ ኋላ ተንጠልጥሎ ነው የሚከርመው። እጄን ኪሱ ስከት ደረቅ ነገር ነካኝ። አወጣሁት፤ ቁራሽ ዳቦ። ሌላውንም ኪስ አየሁ። ቁራሽ ላይ ቁራሽ፣ አንዳንዱ ሻግቷል። ሆሳዕና ናት ቦንቱ። እኔን እምቢ ማለት ስትፈራ፣ ያጎረስኋትን በጉንጯ ይዛ እየሄደች ለእኔው ኪስ ስትመልስልኝ ኖራለች። አልጋው ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ አንቺ የስድስት ሰባት ዓመት ልጅ ሳለሽ አክስትሽ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የዳቦ ቁራሽ ታገኝ ነበር፤ አይጥ ነው ብላ ወጥመድ አስገዛችኝ።

ቤተ ክርስቲያን አልሄድሁም። ሰኞ ጠዋት ከመታሰቢያ ጋር ሆነን ሕፃኗን ታቅፈን ሆስፒታል ሄድን። ዶክተር ቀነአ የሚባል ወጣት ሐኪም ነው ያየን። ደብዳቤሽን አውጥቼ ሰጠሁት። አርጩሜው ያለበትንም ገጽ ጭምር፤ አልደበቅሁም። አንብቦ ሲጨርስ ሕፃኗን መዘናት፤ ዘጠኝ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አባቴ፣ ይህን ደብዳቤ መቼ ነው ያገኙት?»

«በገና ሰሞን» አልሁ።

የምርመራ ወረቀት ስቦ መጻፍ ጀመረ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ደሟን ወደ አዲስ አበባ እንልካለን» አለ። «ውጤቱ እስኪመጣ በቀን ትንሽ ዳቦ መብላት አለባት። ሙሉ አያስፈልግም፤ የእጅዋን መዳፍ የምታህል ትበቃለች። ከደከመች ወይም ውኃ እምቢ ካለች ግን ቀን አትቁጠሩ፣ ወዲያው አምጧት።»

ይኸው አሁን በየቀኑ የሚያቆስላት መሆኑን እያወቅሁ ያችን ቁራሽ በእጄ አጎርሳታለሁ። መታሰቢያ እኔ ላድርገው ብትለኝ አይሆንም አልኋት። ሳላውቅ ያደረግሁትን አውቄ ልጨርሰው።

ስለዚያ ፈተና ቀን፦ አላመንሁሽም። ያመመው ልጅ ነው ፊቴ የቆመው፣ እኔ ግን የአስተማሪነት ክብሬን ነበር የምጠብቀው። ይቅርታ አድርጊልኝ። ካልቻልሽም እውነትሽን ነው፣ አልፈርድብሽም።

ጫንያለው


ጎተንበርግ
የካቲት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክቡር ጋሼ፣

ጌታ ያክብርልኝ። ደብዳቤዎን ሥራ ልገባ ስል አውቶቡስ ውስጥ አነበብሁት፤ ሦስት ፌርማታ አልፌ ሄድሁ። ይቅርታውን ወዲያው አድርጌያለሁ ብዬ አልዋሽዎም፤ ጥቂት ቀናት ወስዶብኛል። አሁን ግን አድርጌያለሁ፤ ዳግመኛም አናነሳውም።

ውጤቱን ሮብሳን ነገረኝ። በደሟ የተገኘው ቁጥር ከልኩ ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሆነና ሁለተኛውም ደም ስላረጋገጠ ቱቦ ሳያስፈልጋት ስንዴ እንድታቆም መወሰናቸውን ሰማሁ። ደስ አለኝ ልበል? ደስ አለኝ።

አሁን የሚጠነቀቁትን ልንገርዎ። ገብስም ያው ነው። ስለዚህ ጩኮ ይቅር፣ በሶም ይቅር፣ ቂንጬ ይቅር። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ባቄላ፣ ድንች፣ እንቁላል፣ ወተት ቀስ በቀስ፣ ሁሉም ይሆናል። አንጮቴማ ምን ይወጣለታል! እኛ ወለጋዎች ከመሬት ሥር የተቀመጠልን ስጦታ አለ፤ እኔ እዚህ በሕልሜ ነው የማየው። ከገበያ የሚገዛ እንጀራ ግን አይመኑ፤ ስንዴ ወይ ገብስ ሊቀላቀልበት ይችላል። ወፍጮም አለ ጋሼ። ከእኛ በፊት ስንዴ ተፈጭቶ ከሆነ ጤፋችን ውስጥ ይገባል። ለእሷ ቁንጣሪም ብዙ ነው።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። እናቴ በምን ሞተች? «ከሳች፣ አለፈች» ብቻ ነው የተነገረኝ። ሐኪሜ ስትጠይቀኝ ምን እንደምላት አጣሁ። የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ልጅዎ ቦንቱ


ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
ሚያዝያ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለቦንቱ፣

ከትንሳኤው በፊት ይህ ደብዳቤ ይድረስሽ፤ ባለሽበት እጅሽ ይባረክ።

ስለ ወፍጮው ልጀምር፤ እሱ ይቀለኛል። ጤፌን አሸክሜ ሞረዳ ወፍጮ ቤት ሄድሁ። ሞረዳን አስተምሬዋለሁ፤ አሁንም «ባርሲሳ» ይለኛል፣ መምህር ማለቱ ነው። «ሞረዳ፣ ድንጋዩን ጥረግልኝ፤ ስንዴ እንዳይነካው» አልሁት። ወረፋ የያዙት ሴቶች ዞረው አዩኝ።

«ባርሲሳ፣ ይህ ወፍጮ ነው እንጂ ቀዶ ጥገና ክፍል አይደለም!» አለ። ሴቶቹ ሳቁ።

እኔም እንደ ጥንቱ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ አስረዳኋቸው። ስለ አንጀቱ፣ ስለ ሕፃኗ፣ ስለ ኮቴ ኪስ፣ ሁሉንም። አፍሬ የደበቅሁት የለም። ሳቁ ቆመ። ሞረዳ እጁን በሽርጡ እየጠረገ፣ «ለእኔ ቀላል ነው» አለ። «ሰኞ ማለዳ ከሁሉ በፊት ይምጡ። መጀመሪያ ድንጋዩን ጠርጌ የራሴን በቆሎ እለቅበታለሁ፤ እሱ ያጥበዋል። ቀጥሎ የርስዎ ጤፍ። ሰኞ የርስዎ ነው።» ከወረፋው አንዲት ሴት ተከትላኝ ወጣች። የእሷም ልጅ ሆዱ እንደዚያ ነው አለች። ሁሉም ሆድ ይህ በሽታ እንዳልሆነ ነግሬ ወደ ዶክተር ቀነአ ላክኋት።

ሮብሳንም ተመርምሮ በሽታው ተገኘበት። ተዘግቶ የነበረው መንገድ ሲከፈት ከኑኑ ቁምባ መጥቶ ነበር። ያ የማይጠግብ፣ የማይወፍር ወንድምሽ «እኔ ደህና ነኝ» ሲል ኖሮ አሁን ዳቦ ቤት ሲያይ መንገድ ይሻገራል።

ስለ እናትሽ። ብዙ አሰብሁ፤ ጉቴም ድረስ ሄጄ የሚያውቋትን ሁለት አሮጊቶች ጠየቅሁ። አንደኛዋ ሳንባ ነው አለች፣ ሌላኛዋ ከሮብሳን ወሊድ በኋላ ደም አልተመለሰላትም አለች። ከሳች፣ ሆዷ አስቸገራት፣ በክረምት አለፈች። ያኔ የመረመራት ሐኪም የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከዚህ በላይ ብጽፍልሽ ልብሽን ለማሳረፍ የፈጠርሁት ይሆናል። አላውቅም ቦንቱ። ለሐኪምሽ «አይታወቅም» በያት። የማውቀው ግን በሳቋ ቤት ትሞላ እንደነበር፣ አንቺን አዝላ ገበያ ስትወጣም ከሁላችን ቀድማ ትሄድ እንደነበር ነው። ይህን ማንም አልነገረሽ ይሆናል።

ሆሳዕና ስንዴ ካቆመች ሁለት ወር ሞላት። አሥራ አንድ ኪሎ ገብታለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለውጥ ስላላየሁ ዶክተሩን አስቸገርሁት፤ «ቁስል በአንድ ቀን አይድንም» አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት በገዛ እግሯ እስከ በሩ ሄደች። አሁን ከዶሮ ጋር ትጣላለች፤ ለእንግዳ ስሟን ትናገራለች።

ዛሬ መታሰቢያ አንጮቴ ቀቅላ በቂቤ አሽታ አቀረበች። ሕፃኗ የራሷን ጨርሳ የእናቷን ወሰደች። ከዚያ ሳህኗን ይዛ መጥታ፣ ይህን የምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ፣ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው፤ ያየሽው የቂቤ ምልክት እሱ ነው። «ናፍ ዳባሊ» አለችኝ። ጨምርልኝ ማለቷ ነው። የራሴን ሰጠኋት። እሱንም ጨረሰች። አሁን አጠገቤ ቆማ እጅጌዬን እየጎተተች ትጮሃለች፤ ድስቱ ባዶ ሆኗል። መታሰቢያ ሳቅ ይዟት መነሳት አልቻለችም።

ስለዚህ ልሰናበትሽ። ጎረቤት ሄጄ አንጮቴ ልለምን ነው።

ጫንያለው